ጆሮ የማይቆረቁር ፋን

ባልየው ሠላሳ አንድ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ሲጠግን ኖሯል። ጡረታ ሲወጣ ከዚያ ይዞት የወጣው የደከመ ጆሮ ነው። ሚስቱ የቤት ፕላን ትሠራለች። መሥሪያ ቤቷ ከተዘጋ ወዲህ ኮምፒውተሯን ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር አስቀምጣ ቤት ለሚያሠሩ ሰዎች ክፍል ስትከፍል፣ በር ስታስገባ፣ ደረጃ ስታወጣ ትውላለች። እሱ ከኋላዋ ሶፋው ላይ ጋዜጣ ያነባል። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አብረው ሲውሉ፣ አንድ ነገር ልትነግረው ከፈለገች ተነስታ ፊት ለፊቱ ቆማ መጮህ ነበረባት። አዲስ ጎረቤት በገባ ቁጥር የሚጣሉ ይመስለው ነበር።

ዘንድሮ ልጃቸው የመስሚያ መሣሪያ አስገጠመችለት። ከሐኪም ቤት ሲመለሱ በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ እየዞረ ቆየ። የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ሰማ። የራሱን ጫማ ሰማ። ሚስቱ እንደ ልማዷ፣ «እንዴት ነው?» ብላ ስትጮህ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ።

«ኧረ በሕግ አምላክ! ሰማሁ፣ ሰማሁ!»

ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

በማግስቱ ጠዋት ሚስትየው ኮምፒውተሯን ከፍታ ሥራ ጀመረች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ዞር ስትል፣ ባሏ መሣሪያውን ከጆሮው አውጥቶ ማኅደሩ ውስጥ ሲከተው አየች። «ምነው?» አለችው። አልሰማትም። ደክሞት ይሆናል ብላ ተወችው። በነጋታውም አወጣው፤ በሦስተኛው ቀንም። ምሳ ሲቀርብ ያደርገዋል። ልጁ ስትመጣ ያደርገዋል። መንገድ ላይ ከሰው ጋር ሲያወራ ያደርገዋል። የሚያወጣው እሷ ጠረጴዛዋ ላይ ስትቀመጥ ብቻ ነው።

ሆድ ባሳት። ለልጇ ደወለች።

«አባትሽ የሰው ሁሉ ድምፅ ናፍቆታል፤ የጠላው የኔን ብቻ ነው።»

«እማዬ ደግሞ! ጠይቂዋ።»

«አውጥቶት እንዴት ይሰማኛል?»

«ሲያደርገው ነዋ!»

ምሳ ላይ ጠየቀችው፤ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ዓይኗን ሳህኗ ላይ ተክላ።

«ሥራ ስቀመጥ ለምንድነው የምታወጣው? ያስቸገርኩህ ነገር ካለ ንገረኝ።»

ባልየው ማንኪያውን አስቀመጠ። እንዳፈረ ያስታውቅበታል።

«አንቺን አይደለም እኮ። የኮምፒውተርሽን ሳጥን ነው። ገና ስትከፍቺው እዚህ ውስጥ ንብ ይገባብኛል» አለና ግንባሩን ነካ። «የመጀመሪያ ቀንማ ዝናብ መስሎኝ ወደ ውጭ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ምን ልበልሽ? እሱ እኮ ነው ሥራሽ። የፋብሪካውን ጩኸት የቻልኩ ሰውዬ አንድ ሳጥን ያሸንፈኛል እንዴ ብዬ ነው። አሸነፈኝ።»

ለልጇ መልሳ ደውላ ነገሩን ስትነግራት ልጅቷ አልገረማትም። «እኔ በስልክ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ወፍጮ ቤት የተቀመጥሽ ነው የሚመስለው» አለቻት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ የገዛ ሳጥኗን ጩኸት ያልሰማች እሷ ብቻ ነበረች።

የኮምፒውተር ጠጋኙ ሱቅ ከቤታቸው አጠገብ፣ ከፎቶ ቤትና ከልብስ ሰፊ መሀል ተሸጉጧል። ጠጋኙን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ብሎን» ይለዋል፤ ሲሠራ ብሎኖቹን በከንፈሩ ይዞ ነው የሚያወራው። ሚስትየው ሳጥኗን ይዛ ገባችና፣

«ፋኖቹን ቀይርልኝ። ካለህ ሁሉ ጸጥ የሚለውን» አለችው።

«እትዬ፣ ጸጥታው ብቻ እኮ አይደለም። ምን ያህል አየር ይገፋል የሚለውም...»

«ጸጥ የሚለውን አልኩህ።»

ብሎን ትንሽ ተከራከራት። እንደማይሆንለት ሲያውቅ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚዞሩ ሁለት ፋኖች ገጠመላት።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሰላም ሆነ። እሷ ትሠራለች፤ እሱ መሣሪያውን እንዳደረገ ጋዜጣውን ያገላብጣል። ድንገት ከኋላዋ፣

«የማን ቤት ነው?» አላት።

እጇ ማውሱ ላይ ቀረ። ስለ ሥራዋ ከጠየቃት ስንት ዓመቱ ነው?

«የሁለት እህትማማቾች። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት በር ይፈልጋሉ።»

«ተጣልተው ነው?»

«አይ፣ እንዳይጣሉ ነው።»

«ብልሆች ናቸው» አለ። እሷም ወንበሯን አዙራ የእህትማማቾቹን ነገር ከሥር ከመሠረቱ አጫወተችው።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ፣ የቤቱን ምስል ከነብርሃኑ ከነጥላው እያወጣች ሳለ ኮምፒውተሩ ጠፋ። ሳጥኑን ብትነካው እንደ ካውያ ያቃጥላል። አብርዳ አስነሳችው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ ጠፋ። የጠዋቱ ሥራ ሁሉ አብሮ ሄደ። አገጯን በእጇ ደግፋ ጨለማውን ስክሪን እያየች ተቀመጠች።

«ዝም አይነቅዝም ሲባል ሰምቻለሁ» አለች በመጨረሻ። «ይግላል ያለኝ ግን የለም።»

ባልየው ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁን ተወው።

«የድሮዎቹን መልሺያቸው። እኔ መሣሪያዬን ባወጣ ምን ይጎዳኛል?»

«አንተን ባይጎዳህ እኔን ይጎዳኛል» አለችው። «ትናንት እንዴት እንደዋልን አላየህም?»

ተነሳና ጃኬቱን ለበሰ፤ ሳጥኑንም ከጠረጴዛው ላይ ብድግ አደረገው። «ነይ እንሂድ» አላት።

ብሎን ሁለቱን አብረው ሲያያቸው «ነግሬዎት ነበር» አላለም። ሳጥኑን ከፈተ፤ ትናንት ያልነካውን የፊት ሽፋንም ፈታ። የፊት ለፊቱ ወንፊት በአቧራ ተደፍኖ ብርድ ልብስ መስሏል።

«ከዚህ ውስጥ ትራስ ይወጣል፣ እትዬ።»

ሚስትየው በኀፍረት ዓይኗን በእጇ ሸፈነች። ብሎን አቧራውን እየጠረገ ነገሩን አስረዳቸው። ትንሽ ፋን በቂ አየር ለመግፋት መሮጥ አለበት፤ ሲሮጥ ይጮሃል። ትልቁ ቀስ ብሎ እየዞረ ያንኑ ያህል አየር ይገፋል። ሳጥኑ ከፊት ለፊቱ ትልቁን ይቀበላል፤ ችግሩ የትኛውን ትልቅ የሚለው ነው። ሦስት ፋኖች ባንኮኒው ላይ ደረደረ።

«አምጣው እስቲ» አለ ባልየው። መሣሪያውን በጣቱ አስተካከለና ዓይኑን ጨፈነ።

የመጀመሪያው በእጅ ሲያዝ ድምፅ የለውም፤ ሳጥኑ ላይ በብሎኖች ሲታሰር ግን ይዘምራል።

«ይሄ የፋኑ ድምፅ አይደለም። ላሜራው ነው። እኛም አንድ ጊዜ አዲስ ማሽን ከሥሩ ጎማ ሳናደርግ አስነስተን ፎቁን በሙሉ አንቀጥቅጠነዋል።»

ሁለተኛውን አስነስቶ ትንሽ አዳመጠና መለሰለት።

«የዚህ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ታሟል።»

«አባባ፣ አሁን ከካርቶን የወጣ አዲስ እኮ ነው!»

«አዲስም ይታመማል። በጎኑ ያዘው።»

ብሎን በጎኑ ይዞ ጆሮው ላይ ለጠፈው። ከከንፈሩ ብሎኑ ወደቀ። ፋኑን ከመደርደሪያው ዕቃ ለይቶ አስቀመጠው።

ሦስተኛው አራት ማዕዘኖቹ ላይ ጎማ ያለው ነበር። ገጠሙት፣ ኮምፒውተሩንም አስነሱ። ሚስትየው የእህትማማቾቹን ቤት ከፈተችና ከባዱን ሥራ አስጀመረችው። ስክሪኑ ጥግ ላይ የሙቀቱ ቁጥር ይታያል። ብሎን የፋኑን ፍጥነት ከኮምፒውተሩ ላይ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ሚስትየው ቁጥሩን፣ ባልየው ድምፁን ይጠብቃሉ።

«ስልሳ ስምንት!» አለች ደስ ብሏት።

«ይጮኻል፤ ዝቅ አድርገው» አለ ባልየው።

«ሰባ አምስት... ሰማንያ ሁለት! ከፍ አድርገው!»

«ኧረ ቆይ ትንሽ፣ አሁን ገና ደህና ሆነልኝ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ሊጠፋብኝ ነው እኮ!»

ብሎን እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ። «እኔ ፋን ሻጭ ነኝ እንጂ ዳኛ አይደለሁም። ተስማሙና ንገሩኝ።»

ልብስ ሰፊው ሳይቀር በሩ ላይ ቆሞ ያያቸው ነበር። ሰባ አራት ላይ ደረሱ። ቁጥሩ እዚያው ቆሞ አልነቃነቅም አለ። ሚስትየው ወደ ባሏ ዞረች፤ እሱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ረጅም ጊዜ አዳመጠ።

«ይሰማኛል» አላት። «ግን ይሄ ነፋስ ነው። ነፋስ ይቻላል።»

ብሎን ፋኑን እዚያው ፍጥነት ላይ አሰረው። ሲወጡ ባልየውን በሩ ድረስ ተከትሎ፣ «አባባ፣ አዲስ ዕቃ የሚመጣልኝ ሐሙስ ሐሙስ ነው፤ ብቅ ብለው ቢያዳምጡልኝ?» አለው። ባልየው መንገዱን ሙሉ ስለዚህ ነገር እያወራ ገባ።

ሳጥኑ ዛሬም ፈጽሞ ዝም አይልም። ከባድ ሥራ ሲመጣበት ነፋሱ በርታ ይላል፤ ባልየውም አንዳንድ ቀን ይደክመዋል። ያኔ መሣሪያውን ያወጣዋል፤ ሳይነግራት ግን አያወጣም።

«ላወጣው ነው» ይላታል። «የምትይኝ ካለ አሁኑኑ በይኝ።»

እሷም የምትለው ባይኖራትም አንድ ነገር ፈልጋ ትለዋለች።