የቅጠሉ ጀርባ

ኡም ነዚህ ድስቱን ከድና ዞር ስትል፣ ሳትጠቀልለው የቀረ አንድ ቅጠል ጠረጴዛው ላይ አየች። መስኮቱ ጋ አስጠግታ ገለበጠችው። ጀርባው አረንጓዴ ነው።

ዘአማጡት የሚባለው የጫካ ተክል ቅጠሉ ከጀርባው ወይን ጠጅ ነው፤ በገሊላ የባሉጥ ዛፍ ጫካ ሥር ያደገ ሁሉ ይህን ያውቃል። አበባው ሲወጣማ ዕውርም አይስተው። ለመጠቅለል የሚለሰልሰው ግን ሳያብብ ነው፤ ያኔ ከአጠገቡ የሚበቅለው መርዘኛ ሐረግ ቅጠሉ ቁርጥ እሱን ነው። ያንን የበላች እርጉዝ ጽንሷ አይረጋም ይባላል። ምራቷ ሰልዋ ደግሞ ሆዷ ገፍቷል።

ዓይኗ ከደፈረሰ ከርሟል። ለማን ተናግራ! ልጇ ነዚህ ቢሰማ ጫካ መውጣቷን ይከለክላታል። ስለዚህ ዘንድሮ በጣቷ እየዳሰሰች ለቀመች። ሰው ሲያረጅ ጥርሱ ይረግፋል እንጂ ኩራቱ አይረግፍም።

ድስቱን ከፈተች። ሩዝና ሥጋ የጠቀለለው ቅጠል ሁሉ በእሳት አንድ ዓይነት ሆኗል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ፈጣሪ ይወቀው።

"ሽታው ከአልጋ አስነሳኝ" አለች ሰልዋ፣ ሳህን ይዛ ስትገባ። "ነዚህ ሳይመጣ ሁለት ልቅመስ?"

"ቁጭ በይ፣ አልበሰለም። ቅጠል ስታዪ እንደ ፍየል ትሮጫለሽ!"

"ፍየሏ እኔ አይደለሁም፣ ሆዴ ውስጥ ያለችው ናት።" ሳቀች። "እናቴኮ 'የሌላ ሰው ዘአማጡት እንዳትቀምሺ፤ የኡም ነዚህን ግን ዓይንሽን ጨፍነሽ ብዪ' ብላኛለች።"

ኡም ነዚህ ክዳኑን ልትመልስ እጇን ዘረጋች። ከእሷ ቀድማ ሰልዋ አንዱን ጥቅልል አንስታ እፍ እፍ ማለት ጀመረች።

"ጣዪው!"

እጇን መታቻት። ጥቅልሉ ወለሉ ላይ ፈረጠ። ኡም ነዚህ ድስቱን በጨርቅ ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ጉድጓድ ውስጥ ገልብጣ፣ ዶሮዎቹ እንዳይነኩት አፈር መለሰችበት።

"ያ ሁሉ ሥጋ! ምን ነካዎት?" ሰልዋ በሩ ላይ ቆማ እጇን ታሻለች።

"ጨው በዛበት" ልትል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ማንም አይጠይቃትም ነበር። በሚቀጥለውም ሳምንት ብቻዋን ትወጣ ነበር፣ እየዳሰሰች።

ወደ ውስጥ ገብታ ቅጠሉን ከጠረጴዛው አንስታ ዘረጋችላት። "ጀርባው ምን ይመስላል?"

ሰልዋ ገለበጠችው። ፊቷ ነጣ፤ እጇ ሳታስበው ሆዷ ላይ አረፈ። "ይሄ... ይሄ እኮ ዘአማጡት አይደለም። አላዩትም እንዴ?"

"አላየሁትም።"

ኡም ነዚህ እስከ ዛሬ ማንንም ያላስነካችውን የመልቀሚያ ከረጢቷን ከሚስማሩ አውርዳ ምራቷ እጅ ላይ ጣለችው።

"ነገ አብረን እንወጣለን። ቦታውን እኔ አሳይሻለሁ፤ የምትገለብጪው አንቺ ነሽ። ደግሞ እንደ ሙሽራ አትንቀራፈፊብኝ።"

"ነዚህ ምሳው የት ሄደ ቢልስ?"

"እንቁላል ጥበሺለት። የዓይኔን ነገር ራሴ እነግረዋለሁ።"