ለጄኔራሉ የተበጠበጠ ቀለም

፩

«እኛ አገር ዘረኝነት የለም። ሁላችንም ጥቁር ነን።»

ይህን ያሉት የተውኔታችን አዘጋጅ ጋሽ ምንተስኖት ናቸው፣ ሚና ሊያከፋፍሉ በተቀመጡበት ጠዋት። አጨበጨብን።

፪

ተውኔቱ የባሕር ማዶ ነው፣ የድሮ ትራጄዲ። አንድ ጥቁር ጄኔራል የነጭ ባላባት ልጅ ያገባል። ከተማው አይወድለትም። አንድ ምቀኛ ጆሮው ላይ ወሬ ያንቆረቁርበታል፤ በቅናት ሚስቱን ይገድላል፣ ከዚያም ራሱን።

ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ መኩሪያ ነኝ።

፫

የሚና ድልድል፦

ጄኔራሉ — ቴዎፍሎስ። ቀይ፣ ረጅም፣ በቴሌቪዥን የሳሙና ማስታወቂያ የታወቀ።

የጄኔራሉ ዘበኛ — ኦቻን። የጋምቤላ ልጅ። በቴአትር ቤቱ ዘጠኝ ዓመት፤ በዘበኛ ሚና ዘጠኝ ዓመት።

ኦቻንም ለጄኔራልነቱ ተፈትኖ ነበር። አራተኛውን ገቢር ወረቀት ሳይዝ ሲወጣው፣ የራሴን ትርጉም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኩት። ጋሽ ምንተስኖት ድምፁን አመሰገኑ። ቀጥለውም ጄኔራል ነው ቢባል ተመልካቹ አያምንም አሉ። እሳቸውማ ያምናሉ። ችግሩ ተመልካቹ ነው።

ተመልካቹ።

(አንባቢ ሆይ፣ አንተን ማለታቸው ነው።)

፬

ቴዎፍሎስን ስለ ማጥቆር፦

ሜካፕ የሚሠሩት እትዬ አስካለ የከሰል ዱቄት በቫዝሊን ለወሱ። በዛ። ሌላ ለወሱ፤ አመድ መሰለ። በመጨረሻ ኦቻንን ጠርተው ከቴዎፍሎስ ጎን አስቀመጡትና አንዴ ፊቱን፣ አንዴ ሳህኑን እያዩ ይበጠብጡ ጀመር።

«ትንሽ ቀና በል የኔ ልጅ፣ መልክህን ልይበት» አሉት። ክፋት የላቸውም። ከእኛ መሀል ክፋት ያለው ማን አለ?

ኦቻን ቀና አለ። ጉንጩ ላይ አንዲት ጅማት ትመታ ነበር። እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ውጭ የሚታይ ነገር አልነበረም።

፭

ሐሙስ፣ በመጨረሻው ልምምድ፣ ቴዎፍሎስ ላብ በላብ ሆኖ ሙሽራዋን አቀፋት። ነጭ ቀሚሷ ጠቆረ። ትራጄዲ መሆኑን ረስተን ሳቅን።

ዓርብ ፊቱ አብጦ መጣ። ሐኪሙ ቀለም የሚባል እንዳይነካው ብሏል። መክፈቻው ቅዳሜ ነው፤ ትኬቱ ተሽጦ አልቋል። የጄኔራሉን ቃል በሙሉ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ተመልካቹም በአንድ ሌሊት ማመን ጀመረ።

፮

ጋሽ ምንተስኖት ኦቻንን በሁላችን ፊት ለመኑት። ስለ ጥበብ ተናገሩ፣ ስለ ወንድማማችነትም። ኦቻን ሰምቶ ሲጨርስ እሠራለሁ አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

ምቀኛው ጄኔራሉን በሌለበት የሚጠራበት አንድ የስድብ ቃል አለ። ስተረጉመው መዝገበ ቃላት አልገለጥኩም። ቤታችን ውስጥ፣ እንግዳ ባለበት፣ እየተሳቀ ሲባል ያደግኩበት ቃል ነው። እጄ ላይ ስለነበር ጻፍኩት።

«ያንን ቃል ሁለት ወር ሙሉ ቀለም ለተቀባ ሰው ሲባል ሰማሁት» አለኝ ኦቻን። «ነገ ለእኔ ነው የሚባለው። የጻፍከው አንተ ነህ፣ መኩሪያ። መጀመሪያ አንተ በለኝ። ዓይኔን እያየህ።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ጋሽ ምንተስኖት ጊዜ የለንም ሊሉ ጀምረው ተዉት። እትዬ አስካለ ሳህናቸውን መሬት አስቀመጡ።

ዓይኑን አየሁት።

፯

«                                        » አልኩት።