ባዶ መኪና አይንቀጠቀጥም

እህቴ በዚያው መኪና ለአራተኛ ጊዜ ጋራዥ መጣች። ገና በሩ ላይ ሳያት ልቤ ውልቅ አለ።

«ነዳጅ ስሰጠው ይንቀጠቀጣል አልኩህ እኮ! የሐኪም ቤቱ ዳገት ላይ።»

«እትዬ፣ ጎማውን ባላንስ አሠራሁ፣ ካንዴላ ቀየርኩ። ሦስቴ ራሴ ነድቼ ሞከርኩት። ምንም የለውም። ደግሞ የሰው መኪና ቆሞ ይጠብቀኛል።»

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ» አለችና ክሪኩ ላይ የተንጠለጠለውን ታክሲ ገላመጠችው።

እናታችን ወገቧ ላይ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ወዲህ በሳምንት ሦስቴ ሐኪም ቤት እየሄደች እንቅስቃሴ ትሠራለች። ካቋረጠች መልሳ እንደማትራመድ ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮናል። የምታመላልሳት እህቴ ናት። እኔ አንድም ቀን አብሬ ሄጄ አላውቅም፤ መኪናውን በነጻ እሠራለሁ፣ ይሄስ ቀላል ነው እንዴ እያልኩ ራሴን እሸነግላለሁ።

«ዛሬ አልሄድም ብላለች» አለች እህቴ። ድምፅዋ ወረደ። «መንቀጥቀጡ ወገቧን ገደላት። ከእንግዲህ ይብቃኝ፣ እዚሁ ልተኛ አለች።»

ቁልፉን ተቀብዬ እንደገና ብቻዬን ዳገቱን ወጣሁ። ጭጭ! ይህ መኪና እኔን ሲያይ ጨዋ ይሆናል።

«በይ እንሂድና እናምጣት» አልኩ ስመለስ። «እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ይንቀጠቀጣል የምትል ሴት እንዳልሰማ።» ለእልህ እንጂ ለደግነት አልነበረም።

እናቴ ስታየኝ ፊቷ በራ። «አንተ ካለህማ እሄዳለሁ» አለች። ተሽከርካሪ ወንበሯን ከኋላ ጭነን፣ በትራስ ደግፌያት አጠገቧ ተቀመጥኩ። እህቴ ነዳች።

ዳገቱ ገና ሳይጀምር እናቴ የበሩን እጀታ ጨብጣ ዓይኗን ጨፈነች። እህቴ ነዳጅ ስትሰጥ ወለሉ ከእግሬ ሥር ይርገፈገፍ ጀመር፤ ወንበሩን አልፎ ጀርባዬን ነዘረኝ። እናቴ ከንፈሯን ነከሰች።

«አቁሚ!» ብዬ ጮህኩ።

ነገሩ ገባኝ። ስሞክረው ሁልጊዜ ብቻዬን ነበርኩ። ኋላው ሰውና ዕቃ ሲጫንበት ዝቅ ይላል፤ ከሞተር ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ መጋጠሚያው ላይ ይታጠፋል፤ ያኔ መጋጠሚያው ውስጥ ያለው የተበላ ክሮቼራ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። የሃያ ዓመት መካኒክ ባዶ መኪና እየነዳሁ ጤነኛ ነው ስል ከረምኩ። አፈርኩ።

«እማዬ፣ እንዲህ እያመመሽ ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የምታውቀው አንተ ነህ» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ምንም የለውም ስትል፣ እንግዲያው እኔ ነኝ ያበዛሁት አልኩ።»

ቀስ ብለን አደረስናት፣ መለስናት፤ የዚያኑ ቀን መኪናው ሥር ገብቼ ክሮቼራውን ቀየርኩ። የታክሲው ባለቤት ቢጮህም አልሰማሁትም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ታክሲውን ለሌላ መካኒክ ትቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዳገቱ ሥር ስንደርስ እጀታውን ጨብጣ ዓይኗን ጨፈነች። እህቴ ነዳጅ ሰጠች። መኪናው ምንም ሳይል ወጣ።

«እማዬ፣ አለፈ እኮ» አልኳት ጫፉ ላይ።

«እሺ ልጄ» አለች። እጀታውን ግን ሐኪም ቤቱ በር እስክንደርስ አልለቀቀችም።