"ቆይ" የሚለው ሽቦ

የላቦራቶሪው የደም መመርመሪያ ማሽን ወሬኛ ነው፤ ውጤቱን በኬብል ወደ ኮምፒውተሩ ሲልክ ትንፋሽ አይወስድም። ባለፈው ሳምንት የአንድ ሰው ስኳር 412 ሆኖ ሳለ ስክሪኑ ላይ 42 ተብሎ ወጣ። ነርሷ ነቅታ ባታስደግመው ኖሮ፣ ስኳሩ ጣሪያ ለነካ ሰው ሌላ ስኳር ሊሰጡት ነበር። የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ ሐኪሙ፣ ቁርጡን ተናገሩ፦ "ዛሬ ከሰዓት እፈትነዋለሁ። አንድ የተሳሳተ ቁጥር ካየሁ ኮምፒውተሩ ይውጣልኝ፤ ወደ ወረቀታችን እንመለሳለን።"

ፕሮግራመሯ ግን ወይ ፍንክች! የስድስት ወር ልፋቷን ለአንድ አሃዝ ብላ አታስረክብም። ጥፋቱ የት እንዳለ ታውቀዋለች፦ ከማሽኑ የሚመጡት ፊደሎችና አሃዞች ተራ የሚጠብቁበት ቦታ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ድራይቨሩ፣ ማለትም ከማሽኑ የሚቀበለው ፕሮግራም፣ ድምፁን አጥፍቶ ይጥለዋል። ቦታውን ሁለት ጊዜ አስፍታዋለች፤ ሁለቴም ሞላ። ሲሞላ ማሽኑን "ቆይ" የሚል ቀጭን ሽቦም ቀጥላ ነበር፤ እሱም አልፈየደም።

መልሱን ያገኘችው ያን ዕለት ጠዋት ከሐኪሙ ጸሐፊ ነው። ሐኪሙ ደብዳቤ ሲያስጽፉ ነጥብ የሚባል አያውቁም። ጸሐፊዋ ደግሞ እጇ ገና ወደኋላ ሳይቀር "ቆዩ!" ትላቸዋለች።

"እትዬ፣ ደህና እየተከተሏቸው ለምን ያስቆሟቸዋል?" አለች ፕሮግራመሯ።

"አይ ልጄ! እኚህ ሰውዬ ቆዩ ሲሏቸው ወዲያው ያቆማሉ? አፋቸው ላይ የደረሰውን ሦስት አራት ቃል ሳይጨርሱ! ለእሱ የሚሆን ቦታ ጭንቅላቴ ውስጥ ቀድሜ እተዋለሁ።"

ፕሮግራመሯ ሳቋ አመለጣት። ማሽኑም ያው ነው፤ "ቆይ" ከተባለ በኋላም የጀመረውን ሳይጨርስ አያቆምም! ድራይቨሩን ከፈተችና "ቆይ" የሚለውን ቦታው ሊሞላ ሩብ ሲቀረው እንዲናገር አደረገች። እሱም ባይሠራስ ብላ ሌላ ጨመረችበት፦ አንዲት ፊደል ወይም አሃዝ እንኳ ከተጣለች ድራይቨሩ ይናገር፤ ያ ውጤት በሙሉ አይታይ።

ከሰዓት ሐኪሙ ስልሳ ውጤት ባንዴ ለቀቁበት። ስልሳውም አንድ ሳይጎድል ገባ። አላመኑም። ቀጭኑን ሽቦ ራሳቸው ነቅለው እንደገና ለቀቁት። አሁን ሦስት መስመሮች ላይ ቁጥር የለም፤ "ጎድሏል፣ ይደገም" ይላል።

"ይኸው ጎደለ!" አሉ አጨብጭበው።

"ጎደለ" አለች በሙሉ ልብ። "ግን አልዋሸዎትም።"

ሐኪሙ ስክሪኑን ትክ ብለው አዩት። ባለፈው ሳምንት እንዲህ ባለው መስመር ላይ ነበር 42 የተጻፈው። ሽቦውን በገዛ እጃቸው መልሰው ሰኩት።

"ኮምፒውተሩ ይቆይ" አሉ።

"ተመስገን!" አለች በር ላይ ቆማ ስታይ የነበረችው ጸሐፊ። "ዛሬስ የእኔዋ 'ቆይ' ከእሳቸው አፍ ወጣች!"