ብርድ የፈራው ድንጋይ ቆራጭ

«ብረቱ» ያሉት ያለ ነገር አይደለም። ድንጋይ ቆራጩ በደህናው ዘመን ሦስት ጎረምሳ የማይነቀንቀውን ግራናይት ለብቻው አቅፎ መቁረጫ ማሽኑ ላይ ሲያጋድመው፣ ምድር ራሷ ትንሽ ጎንበስ ትል ነበር። ሲስቅ የጎረቤት መስኮት ይርገበገባል፤ የተጠራጠረ ጎረቤቱን ይጠይቅ።

እንዲህ ያለው ሰው ነው አንድ ቀን ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ቁጭ ብሎ የቀረው።

የክሊኒኩ ሐኪም ጀርባውን በማዳመጫ ነካ ነካ አደረገና «አስም ነው» አለው። ሥራህ ምንድን ነው አላለውም። በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጥቶ፣ «ብርድና እርጥበት ጠላቶችህ ናቸው» ብሎ ሸኘው።

ሚስቱ ቃሉን እንደ ሕግ ያዘችው። የቤቱን ቀዳዳ ሁሉ ደፈነች፣ አንገቱን በሻርፕ ጠቀለለች፣ ምንም ያላደረገችውን ድመት አባረረች። ሥራ ቦታ ደግሞ አብሮት የሚቆርጠው የሚስቱ ወንድም አለ፤ ለእህቱ ባል ነፍሱን የማይሰስት።

«ጋሼ፣ አንተን የሚጨርስህ ይሄ ውሃ ነው!» አለና፣ ድንጋይ ሲቆረጥ አቧራውን የሚያረጥበውን ቧንቧ ጥርቅም አደረገው። መስኮቱንም ከረቸመ።

ክፍሉ ሞቀ። ነጩ ብናኝ እንደ ጉም አንዣበበ፤ የሻይ ብርጭቋቸው ላይ ተኛ፣ ቅንድባቸውን አሸበተ።

«አሁን ገና ሰው ሆንን!» አለ ብረቱ።

መድኃኒቱን ሲስበው ደረቱ ከፈት ይልለታል፤ በተከፈተው ደረት ብናኙን እስከ ሥሩ ይምገዋል። በጋ ሄዶ በጋ መጣ። የሰርግ ኮቱ ሌላ ሰው ጨምሮ የሚያስገባ ሆነ። መተኛት አቃተውና ግድግዳ ተደግፎ ማንጋት ጀመረ።

በመጨረሻ ሚስቱ እየጎተተች ትልቁ ሆስፒታል አደረሰችው። ሐኪሟ የደረቱን ራጅ ወደ ብርሃን አንሥታ ደጋግማ አየችው። ብረቱ በዕድሜው ስንት ከባድ ነገር ተሸክሟል፤ እንደዚያች ስስ ራጅ የከበደው ግን የለም።

«ሥራዎት ምንድን ነው?»

«ግራናይት እቆርጣለሁ። ከኔ የሚበልጥ ካለ ያምጡልኝ!»

«በውሃ ነው በደረቁ?»

«በደረቁ ነዋ። ለአስሜ ስል።»

ራጁን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «አባቴ፣ አስም አይደለም። የድንጋዩ ብናኝ ሳንባዎት ውስጥ ገብቶ እያጠጠረው ነው። የጠጠረው አይመለስም። የቀረውን ለማትረፍ ግን ከዛሬ ጀምሮ ከአቧራው ይውጡ።»

«የቀረው ብዙ ነው?»

ሐኪሟ ሚስቱን አየች። ሚስቱ ወለሉን።

ሚስቱ ቤት እንሂድ ብትለው አሻፈረኝ ብሎ በቀጥታ ወደ ሥራ ቦታው ሄደ። በሩን ሲከፍት ብናኙ እንደ ግድግዳ ተቀበለው። የሚስቱ ወንድም እዚያ ጉም ውስጥ ጎንበስ ብሎ ይቆርጣል። ብረቱ አፉን በሻርፑ አፍኖ መስኮቱን በረገደ፤ ቧንቧውን ከፈተ።

«ኧረ ጋሼ! ምን ነካህ? እህቴ ምን ትለኛለች!»

የሚስቱ ወንድም ተስፈንጥሮ ቧንቧውን መልሶ ዘጋ። ወዲያው ሳል ጠለፈው። ማሽኑን ተደግፎ ሳለ፣ ደግሞ ሳለ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ሳቀ።

«ያንተ አስም ተጋባብኝ መሰለኝ!»

«አስም አይጋባም» አለ ብረቱ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ብረቱ እጁን ዘርግቶ ማሽኑን አጠፋ። መልስ ለመስጠት አየር ፈለገ፤ አልመጣለትም። ክፍሉ ረጭ ሲል፣ ከሁለቱም ደረት አንድ ዓይነት ፉጨት ይሰማ ነበር።