ዲኑ የጠሩት ዋስ

የኮሌጃችን ዲን ዶክተር አሻግሬ ሕዝብ ፊት የሚያነቡትን ሁሉ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ጎንደር ላይ ሲጨበጨብላቸው ከኋላ ተቀምጬ በልቤ "የኔ ነው" እላለሁ። ልታይ ልታይ አልወድም፤ ብዕሬን ግን አውቀዋለሁ።

በሃምሳ ስምንት ዓ.ም. ለነርስነት የሚማሩ ልጃገረዶች ፍለጋ ደባርቅ ወጣን። ደባርቅ አገሬ ነው። ታናሽ እህቴ አበባ ነርስ ካልሆንኩ ብላ ነበር፤ አባታችን አቶ ታገኘ ግን "ልጄን ለማላውቀው ሰው አልሰጥም" ብለው እምቢ አሉ። እናም ያንን ንግግር የጻፍኩት ለአባቴ ነው። "ልጆቻችሁ ልጆቻችን ናቸው" የምትለዋን ስጽፍማ፣ በቃ፣ አበባ ጓዟን ትሸክፍ አልኩ።

ከቅዳሴ በኋላ ዶክተር አሻግሬ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመው አሳምረው አነበቡ። ያጨበጨበ የለም። አባቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ።

"ጌታው፣ ነገርዎ ያማረ ነው። እንግዲህ ዋስ ይጥሩ።"

ዲኑ ወረቀቱን አገላበጡ። ዋስ አልጻፍኩላቸውም! በአገሬ በሬ እንኳ ያለ ዋስ አይሸጥም፤ ከተማ ገብቼ ረሳሁት።

"መንግሥት ዋስ ነው፣ አባቴ" አሉ ዲኑ።

"ለመንግሥትስ ማን ይዋሰዋል?"

ሽማግሎቹ ሳቁ። እኔ ተናድጄ ብድግ አልኩ። "እኔ ዋስ ነኝ!"

"አንቺማ ከቤቴ ነሽ። ከገዛ ልጄ ዋስ እቀበላለሁ?" አሉ አባቴ።

አበባ ከሴቶቹ መካከል አቀረቀረች።

ዲኑ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። "ያለምወርቅ የምትባል አንዲት ልጅ አለችኝ" አሉ። "ከልጅዎ ጋር ባንድ ክፍል ትማራለች፣ ባንድ መኝታ ቤት ታድራለች። ዋሴ እሷ ናት።"

ደነገጥኩ። ያለምወርቅ ነርስ ልሁን ብላ ስታለቅስ፣ እናቷ፣ የዲኑ ባለቤት፣ "የኔ ልጅ የሰው ቁስል አታጥብም" ብለው እንግሊዝ አገር ሊሰዷት ነበር። አባቴ ግን ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ።

"አሁን ተናገሩ። ይውሰዷት።"

ላንድሮቨሩ ዳባት ደረሰ። ዲኑ ወደ እኔ ዞሩ።

"ስንቄ፣ ለባለቤቴ አንድ ንግግር ጻፊልኝ።"

እመቤቲቱን አውቃቸዋለሁ። "ንግግር አይበቃም ጌታዬ፤ እሳቸውም ዋስ ጥራ ይሉዎታል" አልኩ።

ከኋላ ወንበር፣ ጓዟን ጭኗ ላይ ያቀፈችው አበባ ቀና አለች።

"እኔ እሆንዎታለሁ" አለች።