ወደ ላይ የምትፈልግ ፕሮግራም

...የለም ትላለች ደግሞ፣ የለም፣ ኧረ በቃሽ፣ ስንቴ ነው የምትይው፣ ልጅቷ አሁንም ትጫናታለች፣ ጃቫስክሪፕት በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈቻት ሚጢጢ ፕሮግራም ናት፣ ፈላጊዋ ትላታለች፣ ፋይሉን ካለችበት ፎልደር ትፈልጋለች፣ ካጣችው አንድ ወደ ላይ፣ ደግሞ አንድ ወደ ላይ፣ ከሁሉም በላይ እስካለው ድረስ፣ ከዚያ ወዲያ መውጫ የለም። ስትጽፋት እንዴት ኮርታባት ነበር።

የጠፋው የእናቷ ድምፅ ነው። ሳትሞት ከሆስፒታል አልጋ ላይ በስልክ የላከቻቸው መልእክቶች፣ ስልኩ ሲሞላ ወደዚህ ኮምፒውተር ያዛወረቻቸው፣ ሁሉም፣ ሳቋም ሳሏም።

ትናንት ለታናሽ እህቷ ልትልክላት ድምፆቹን ወደ አዲስ ፎልደር አዛወረቻቸው፣ እነዚህ እንዳይነኩ የሚለውን የመመሪያ ፋይል ግን አሮጌው ውስጥ ረሳችው፣ ወይ ጣጣ፣ ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሩን የሚያጸዳው ፕሮግራም መመሪያ አምጪልኝ ብሎ ፈላጊዋን ላካት፣ እዚያ አጣች፣ ወደ ላይ ወጣች፣ ወጣች፣ ከላይ ለመሥሪያ ቤቱ የተቀመጠውን ይዛለት መጣች፣ ወር ያለፈው ድምፅ ሁሉ ይጥፋ የሚለውን። አጠፋው። መጠባበቂያው ቅጂም ተከትሎ ጠፋ፣ እንዲያ እንዲሆን አድርጋ የሠራችው ራሷ ናት፣ እጄን በቆረጠው።

ምናልባት አንዷ እንኳ ከላይ የሆነ ቦታ ቀርታ እንደሆነ፣ ትጫናለች፣ የለም።

ስልኩ ይነዝራል፣ እህቷ ናት፣ እታለም ላክሽልኝ እንዴ፣ ያቺን የምትስቅባትን ብቻ እንኳ፣ እየፈለግኩልሽ ነው የኔ ቆንጆ፣ ኔትወርኩ አስቸግሮኝ ነው፣ ውሸታም፣ ኔትወርኩ ምን አደረገሽ። ከጎኗ የሚሠራው ራሰ በራ ጃኬቱን ያነሳል፣ ምሳ አትበዪም፣ ከዚህ ማሽን ጋር ተጋባሽ እንዴ፣ ሂድ እመጣለሁ፣ አትሄድም፣ የጠፋ ፋይል ይመለሳል ወይ ብላ ጠዋት ጠይቃው ነበር እኮ፣ የምን ፋይል እንደሆነ ሳታነሳ፣ ላዩ ላይ ሌላ ተጽፎበታል፣ አይመለስም፣ እርምሽን አውጪ አላት፣ እየሳቀ። ምን ያውቃል።

ቃሉ አለ፣ ጭንቅላቷ ውስጥ አለ፣ በላሽ ወይ ልጄ፣ ሹራብ ደርቢ፣ እህትሽን አደራ፣ አንዱም አልጠፋትም፣ ድምፁ ግን፣ ሻካራ ነበር፣ ነበር አይደል፣ ዐይኗን ትጨፍናለች፣ በላሽ ወይ ልጄ፣ የሚሰማት የገዛ ራሷ ድምፅ ነው፣ ኧረ በእናትሽ፣ እንደገና፣ በላሽ ወይ፣ የራሷ ነው።

ስልኩ ይነዝራል። እታለም ቶሎ በይ፣ ድምጿ እየጠፋብኝ ነው።

አንድ ወደ ላይ፣ ደግሞ አንድ ወደ ላይ